የብርቱ ፍሪሲዮን ጠባይና የሾፌሩ እግር

በጎንደር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያገለግሉ ወጣት የላኩልን ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው ከአንድ ሰው ጉዳይ ዐልፎ ብዙዎችን የሚነካ ስለ መሰለኝ ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ጠያቂያችን ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራቸውም ጨምረው ተበድረው፣ አንድ ያገለገለች የናፍጣ ፒክአፕ ገዝተዋል። በሥራ ቀን ወንድማቸው፣ በዕረፍት ቀን እርሳቸው እየነዱ ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጎርጎራ ድረስ ጤፍና ሽምብራ ያመላልሱባታል። ፍሪሲዮኗ አልቆ መንሸራተት በጀመረ ጊዜ አንድ ወዳጃቸው «ለውድድር መኪና የተሠራ ነው፤ ይህን ካስገባችሁ ዕድሜ ልካችሁን አትለውጡም» ብሎ ብርቱ ፍሪሲዮን ከአዲስ አበባ አመጣላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ እንዳልተገራች በቅሎ ሆናለች። ወይ ትዘላለች፣ ወይ ትጠፋለች፤ በገበያ ቀን በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ጠፍታባቸዋለች። «ጥፋቱ የመካኒኩ ነው፣ የዕቃው ነው፣ ወይስ የእግሬ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ዕቃውም ደኅና፣ መካኒኩም ምናልባት ደኅና ነው። እግሩ ደግሞ ከመዝገብ ቤት ወደ ሒሳብ ክፍል በድንገት እንደ ተዛወረ ጸሐፊ፣ ማንም ሳያስተምረው አዲስ ሥራ የተሰጠው ሠራተኛ ነው። ረጅሙ መልስ ግን ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ፍሪሲዮን» የሚለውን ቃል፣ ከነማርሹና ከነፍሬኑ፣ የወረስነው ከጣልያኖች ነው፤ ትርጉሙም መፋተግ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ሥራውን የማስረዳቸው እንዲህ እያልሁ ነው። ሞተር ከቆመበት ጭነት ይዞ መነሣት አይችልም፤ በደቂቃ 700 ወይም 800 ጊዜ ያህል እየዞረ ካልቆየ ይጠፋል። ጎማው ደግሞ ቆሟል። በሚሮጠውና በቆመው መካከል ገብቶ ቀስ በቀስ የሚያስማማ ሽማግሌ ያስፈልጋል። ከሞተሩ በስተኋላ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ፤ ፊት ለፊቱም በብርቱ ሞላ የሚገፋ ሌላ የብረት ሳህን አለ። በሁለቱ መካከል በሁለት ፊቱ ሸራ የለበሰ ዲስክ ይገባል። ፔዳሉን ስንረግጥ ሳህኑ ይሸሻል፣ ዲስኩም ነጻ ይሆናል፤ እግራችንን ስናነሣ ሳህኑ ዲስኩን ከቮላኖው ጋር ያጣብቀዋል። ከመላቀቅ ወደ መጣበቅ በሚያልፍባት በዚያች አጭር ጊዜ ዲስኩ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበላል። መኪና ሳይንገጫገጭ የሚነሣውም በዚሁ መንሸራተት ምክንያት ነው።

የመያዝና የመንሸራተት ጣጣ ዛሬ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ፣ ከዐፄ ምኒልክ ዘንድ በገባበት ዘመን፣ ብዙ አውቶሞቢሎች የነበራቸው ፍሪሲዮን ሾጣጣ ሆኖ ቆዳ የለበሰ ነበር። ቆዳው ሲደርቅ በድንገት እየያዘ መኪናውን ስለሚያዘልለው ሾፌሮቹ የጉሎ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ ዘይቱ ሲበዛ ደግሞ አልይዝ ስለሚል ደቃቅ የሸክላ አፈር ይነሰንሱበት ነበር። በዚያው ዘመን አካባቢ ኸርበርት ፍሩድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ባለ ጋሪዎች ቁልቁለት ሲወርዱ በፍሬናቸው እንጨት ላይ አሮጌ ጫማ ሲያደርጉ አይቶ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 የተሻለ የመፋተጊያ ሸራ ወደ መሥራት ገባ ይባላል፤ ፌሮዶ የተባለው ስመ ጥር ኩባንያ የእርሱ ነው። ኋላም በሸራው ውስጥ አስቤስቶስ ስለ ገባበት ሙቀት ቻለ፤ ነገር ግን ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ በብዙ አገሮች ታግዷል። (በየጋራዡ የፍሪሲዮን ትቢያ በአፋቸው እፍ የሚሉትን ልጆች ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። እርጥብ ጨርቅ ምን ያህል ያስወጣል?)

አሁን ወደ ጠያቂያችን መኪና እንመለስ። በደብዳቤያቸው እንደ ገለጹት፣ አዲሱ ዲስክ ዙሪያውን ሙሉ ሸራ የለበሰ አይደለም፤ በስድስት ቦታ ላይ ጠንካራ ቁራጮች ተለጥፈውበታል። ቁራጮቹ የብረትና የሸክላ ዱቄት በእሳት ተጋግሮ የሚሠሩ ናቸው፤ ሸራ እያሻሸ በሚይዝበት ቦታ እነርሱ ይነክሳሉ። በዲስኩ መካከል ንዝረትን የሚያበርዱት ትንንሽ ሞላዎችም የሉም። ፔዳሉ ከብዶኛል ማለታቸው ደግሞ የሳህኑ ሞላ ጭምር መጠንከሩን ይመሰክራል።

ፍሪሲዮን ሊሸከም የሚችለው የመጠምዘዝ ኃይል የሚገኘው የሞላውን ግፊት፣ የሸራውን የመያዝ ቁጥርና የዲስኩን አማካይ ሬዲየስ አባዝተን፣ ፊቱ ሁለት ስለ ሆነ እንደ ገና በ2 ስናባዛው ነው። ለምሳሌ ያህል ግፊቱ 5,000 ኒውተን፣ የመያዝ ቁጥሩ 0.3፣ ሬዲየሱ 0.1 ሜትር ቢሆን፣ ውጤቱ 300 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ግፊቱን ወደ 6,000፣ የመያዝ ቁጥሩን ወደ 0.4 ከፍ ብናደርግ 480 ይመጣል። ሁለቱ ለውጦች ለየብቻቸው ትንሽ ይመስላሉ፤ ሲባዙ ግን ከግማሽ በላይ ጨመሩ።

ሞተሩ ግን ያው ነው። 200 ኒውተን ሜትር ይሰጥ ከነበረ ዛሬም የሚሰጠው 200 ነው፤ 300 የሚችለው የፋብሪካው ፍሪሲዮንም ከበቂ በላይ ይሸከመው ነበር። ታዲያ ትርፉ ምን ይሠራል? ሾፌሩ በደንብ ሲነዳ ምንም አይሠራም። እግሩን በድንገት ሲለቅ ግን ሲሽከረከር የነበረው ቮላኖ ያጠራቀመውን ጉልበት ባንድ ጊዜ ይሰጣል። በፊት ቢሆን ዲስኩ 300 ላይ ሲደርስ ተንሸራትቶ የቀረውን በሙቀት መልክ ይበትነው ነበር፤ አሁን እስከ 480 ድረስ አይለቅም። ይህ ኃይል በአንደኛ ማርሽ በ4 ገደማ ይባዛል። ስለዚህ ወደ ኋላ ከ1,200 የማይበልጥ ይሄድ የነበረው አሁን ከ1,900 በላይ ሊሄድ ይችላል። ይህን የሚቀበሉት ክሮቸራው፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስና ሴሚያሱ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ አልተለወጡም። ፊውዝ በተቃጠለበት ቁጥር ወፍራም የመዳብ ሽቦ እያሰረ የሚተካ ሰው ታውቃላችሁ። ፊውዙ ከዚያ ወዲያ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። ቀድሞ ዲስኩ ይሠራው የነበረውን የማለሳለስ ሥራ አሁን መሥራት ያለበት የሾፌሩ እግር ነው። አሮጌው ፍሪሲዮን የእግርን ጥፋት እየተሸከመ ራሱ ይበላ ነበር፤ አዲሱ አይሸከምም።

በእኛ አገር ደግሞ አንድ ሌላ ችግር ይጨመራል፤ ይኸውም ከፍታው ነው። የጣና ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ጅቡቲ ላይ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ወደ አምስተኛው እጅ የሚጠጋ ያጣል። ቱርቦ ያለውም ቢሆን ቱርቦው እስኪነቃ ድረስ ሲነሣ ደካማ ነው። ስለዚህ የሚናከስ ፍሪሲዮን በዝግታ ከሚዞር ደካማ ሞተር ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ይጠፋል። ሾፌሩ እንዳይጠፋበት ብሎ ነዳጅ ሲያበዛ መኪናው ይዘላል። ጠያቂያችን «ወይ ትዘላለች፣ ወይ ትጠፋለች» ያሉት ይህንን ነው፤ ከሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ ጠባለች እንጂ አልጠፋችም።

ያችን ቦታ ለማግኘት መጀመሪያ መቀመጫውን ወደ ፊት ሳብ ያድርጉት፤ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበትዎ ትንሽ እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት። ተረከዝዎን ወለሉ ላይ ያሳርፉና እግርዎን በተረከዙ ላይ እያዞሩ ፔዳሉን ይልቀቁ። እግሩን ከነጭኑ አንሥቶ የሚለቅ ሰው የአንዲት ጣት ስፋት ያለውን ልዩነት ሊለይ አይችልም። ሶሉ የወፈረ ጫማም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከዚያም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተው ነዳጅ ሳይነኩ ፔዳሉን እጅግ በቀስታ ይልቀቁት። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲልና መኪናዋ ስትንቀሳቀስ መልሰው ይርገጡት። ይህን ሃያ ጊዜ ይድገሙት። ደንቢያ ሜዳ አላጣችም።

ነጥቡን እግርዎ ካወቀው በኋላ አነሣሡ እንዲህ ነው፤ እስከ ነጥቡ ድረስ በፍጥነት መልቀቅ፣ ነጥቡ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ነዳጅ ጨምሮ ለአፍታ መዘግየት፣ መኪናዋ መንከባለል ስትጀምር ደግሞ ሳያመነቱ ጨርሶ መልቀቅ ነው። ብዙ ሾፌሮች መንቀጥቀጡን ሲሰሙ ደንግጠው እግራቸውን እዚያው መካከል ላይ ያቆያሉ፤ መንቀጥቀጡን የሚያባብሰው ግን ይኸው ነው።

በሁለተኛ ማርሽ መነሣት ፈጽሞ ይቅር። «ጭነት ከሌለ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ሞተሩ እኩል ሲዞር አንደኛ ማርሽ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ሁለተኛው ወደ 17 ያስኬዳል። ፍሪሲዮኑ ሲነሣ የሚቀበለው ሙቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ መጠን ነው። የ10 ካሬ 100፣ የ17 ካሬ 289 ነውና፣ በሁለተኛ ማርሽ የተነሣ ሰው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል ያልቀረው ሙቀት አወረደበት ማለት ነው። ይህ በሜዳ ነው፤ በዳገት የባሰ ነው።

ስለ ዳገት ከመጽሐፍ ይልቅ ከአዘዞ እስከ ጎርጎራ ባለው መንገድ ላይ ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ ሽማግሌ ሾፌር መጠየቅ ይሻላል ብዬ፣ ቆላ ድባ ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋብዎ መጀመሪያ የሚያደርጉት ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ፍሬን እረግጣለኋ!» አሉኝ፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል አነጋገር። ቀጥለውም «አየህ መምህር፣ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ከኋላ አለ። ያሁን ልጆች መጀመሪያ ቁልፍ ያዞራሉ። ሰው እንዳይስቅባቸው ብለው ነው እኮ፤ ቶሎ አስነሥተው ለመሄድ ይጣደፋሉ። ቁልፍ ሲያዞሩ እግራቸው ፍሪሲዮን ላይ ነው። መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ልጁ ደግሞ ታኮውን ሊያስገባ ጎንበስ ብሏል።»

ቡናቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ እኔም ተጨማሪ ነገር አልጠየቅሁም።

ጠያቂያችን በገበያ ቀን ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ ሲሉ ያሳሰበኝ እንግዲህ የሰው ሳቅ አይደለም። በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ተስቦ ይቆማል። ፔዳሉ እስከ ነጥቡ ይለቀቃል፤ ነዳጅ በመጠኑ ይጨመራል፤ የሞተሩ ድምፅ ሲወርድና መኪናዋ ወደ ፊት ልትስብ ስትታገል የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል። በማሠልጠኛ «ባላንስ» እያሉ መኪናን በፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ ዳገት ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት የሚወዱ አሉ፤ በአሮጌው ፍሪሲዮን ሸራ ያባክኑ ነበር፤ በዚህኛው ግን ቮላኖውን ያቃጥላሉ፣ መኪናዋም ትንቀጠቀጣለች። የእጅ ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ መጀመሪያ እርሱ ይሠራ። ጭነቱ ይቆያል።

ማርሽ ሲቀየር ወደ ላይ ብዙ ችግር የለም። ወደ ታች ሲቀየር ግን ፔዳሉን ከመልቀቅ በፊት ሞተሩን በትንሽ ነዳጅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ይረዳኛል። ቁልቁለት ላይ በሞተር ለመያዝ ሦስተኛውን ወደ ሁለተኛ ሲመልሱ፣ አሮጌው ፍሪሲዮን ልዩነቱን በመንሸራተት ያስታርቅ ነበር። ብርቱው ግን የኋላ ጎማዎቹን ባንድ ጊዜ ይይዛቸዋል፤ መንገዱ ዝናብ የነካው ወይም ጠጠር የበዛበት እንደ ሆነ የመኪናዋ ጀርባ ወደ ጎን ይሄዳል። ክረምት ላይ የደንቢያ ዋልካም እንዲሁ ነው፤ በድንገት የሚይዝ ፍሪሲዮን ጎማውን አዙሮ ጉድጓድ ያስቆፍረዋል። ጭቃ ውስጥ ሳይገቡ አራቱንም ጎማ የሚያሠራውን ማርሽ ማስገባት፣ ሲነሡም ነዳጅ ሳያበዙ ሞተሩ በራሱ ጊዜ እንዲጎትት መተው ይሻላል።

ከብት መንገድ ሲዘጋብዎ፣ በባጃጅ ኋላ ሲንፏቀቁ፣ በግማሽ ፔዳል አይከተሉ። ወደ ዜሮ ማርሽ መልሰው እግርዎን ከፔዳሉ ያውርዱ፤ ቦታው ሲከፈት ይነሡ። ሞላው የጠነከረ ስለ ሆነ ፔዳሉን ረግጦ መቆየት እግርን ከማድከሙም በላይ ኩሽኔታውንና የሞተሩን ዋና ዘንግ ያለ ጥቅም ይገፋል።

ማለማመድም ያስፈልገዋል። ብዙ ፋብሪካዎች አዲስ ፍሪሲዮን ለመጀመሪያዎቹ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ከባድ ጭነት እንዳይጫንበት ይመክራሉ። ነገር ግን የሚያለማምደው መነሣትና መቆም እንጂ ርቀቱ አይደለም። ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በትልቁ ማርሽ ሲጋለብ ዲስኩ የሚሠራው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፤ በጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ ቀን መዋል ከዚያ ይበልጣል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላም መንቀጥቀጡ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ወደ መካኒኩ ይመለሱ። ዘይት ዲስኩ ላይ ፈስሶ እንደ ሆነ፣ የቮላኖው ፊት ሳይስተካከል ታስሮ እንደ ሆነ፣ የሞተሩ ጎማ መቀመጫዎች አልቀው እንደ ሆነ ይመርምርልዎ። ጥቂት መንቀጥቀጥ ግን ሁልጊዜ ይኖራል፤ ትንንሾቹ ሞላዎች የሉማ!

የራሴን አሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ ዓይነት ዕቃ ቦታው ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ለሚሮጥ መኪና፣ ሞተሩም ዘንጉም አብረው ለጠነከሩለት፣ ሾፌሩም መካኒክ አስከትሎ ለሚሄድ ሰው ተገቢ ነው። ሽምብራ ለሚጭን ፒክአፕ ግን ከፋብሪካው ጋር የሚመሳሰል ደኅና ሸራ ይበቃው ነበር፤ የቀድሞውን የጨረሰውም የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ጭነቱና እግሩ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ወጥቷል፤ ብድሩም ገና አልተከፈለም፤ አውጥታችሁ ጣሉት ብል የምክር ያህል አይሆንም። በዚሁ ይሥሩ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መኪናዋን የሚነዱት ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ እርስዎ በዕረፍት ቀን የተማሩትን ወንድምዎ በሰኞ ቀን አያውቀውም። ሜዳው ላይ አብራችሁ ውጡ፤ አንዳችሁ ስትነዱ ሌላው ውጭ ቆሞ የኋላ ጎማውን ይመልከት። ሁለታችሁም ዳገት ላይ አሥር ጊዜ ሳትጠፋባችሁ እስክታስነሡ ድረስ ከኋላ ሰው አትጫኑ፤ ታኮ የሚይዘውንም ልጅ ከጎማው በስተጎን እንጂ ከመኪናው በስተኋላ አታቁሙት።